የቤተሰብ ማኅደርና ያልተጻፈችው ሴት
በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ፍልሰተኛ ሴቶች ስለሚያገኙት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የልብ ወለድ ወይም የግጥም ምርመራ ነው። ነገር ግን እኛ የሕክምና ባለሙያዎች በየዕለቱ የምንጽፋቸውና የምናነባቸው ሌሎች ጽሑፎች አሉ፤ እነርሱም ቅጾች፣ ካርዶችና መዝገቦች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የሚታየው የቤተሰብ ማኅደር አንዱ ነው። ማኅደሩ ስለ እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃ፣ ውኃ፣ ክትባት፣ እርግዝናና ሕመም ይናገራል። ይህ ጽሑፍ ማኅደሩን እንደ ማንኛውም ድርሰት አንብቦ፣ ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ ለመመርመር የቀረበ ነው።

ወደዚህ ምርመራ የመራችኝ አንዲት ታካሚ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የጤና ተቋም ስሠራ፣ ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ የመጣች የቤት ሠራተኛ ቀረበችልኝ። ከአራት ወር በላይ ስታስል ቆይታለች፤ ሌሊት ሌሊት ያልባታል፤ ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ሰፍቷል። የአክታ ምርመራዋ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አረጋገጠ። ለምን ይህን ያህል እንደዘገየች ስጠይቃት፣ «ማን ይለቀኛል ዶክተር?» አለችኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ቤቱ ትመጣ እንደሆነም ጠየቅኋት።

«ትመጣለች እንጂ። ስትመጣ ቡና የማፈላላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስለ ሳልሽ አልነገርሻትም?»

«የምትጠይቀው እትዬን ነው። የቤቱ ሰዎች ደኅና ናቸው ወይ ትላለች፤ እርሳቸውም ደኅና ናቸው ይሏታል። ውሸታቸውን አይደለም፤ የቤቱ ሰዎችማ ደኅና ነበሩ።»

አድራሻዋን መዝገብ ላይ ለመጻፍ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ «ሰው ቤት ነው ያለሁት» የሚል ነበር። በቋንቋችን «ሰው ቤት መግባት» ማለት ተቀጥሮ ማገልገል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አነጋገሩ ግን የማኅደሩን ክፍተት በሁለት ቃል ይገልጸዋል። ልጅቱ በቤቱ ታድራለች፤ የቤቱን እንጀራ ትጋግራለች፤ የቤቱን ሕፃን ታዝላለች፤ ቤቱ ግን የእርሷ ሳይሆን የሰው ነው።

በጉዳዩ እኔም ነፃ አልነበርሁም። በዚያው ሳምንት ወደ ገዛ ቤቴ ገብቼ አሰብሁ። ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት የኖረችው ልጅ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዷን አላውቅም፤ ስለ ጤንነቷም አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ሐኪም ሆኜ ሳለ ያልጠየቅሁትን፣ በአንድ ቀን ብዙ ቤት የምታዳርስ ባለሙያ ባለመጠየቋ ብቻ ልወቅሳት አልችልም። ስለዚህ ሂሱ የሚያተኩረው በባለሙያዋ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው።

ፍልሰተኛዋ ማን ናት?

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት 62,497 ሕዝብ ነበራት፤ ከእነዚህም 32,576 ሴቶች፣ 29,921 ወንዶች ነበሩ። የሴቶቹ ቁጥር በ2,655 መብለጡ ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገውን የሴቶች ፍልሰት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከአነደድ፣ ከአዋበልና ከባሶ ሊበን መናኸሪያ ከሚወርዱት ልጃገረዶች አንዷ ለትምህርት ትመጣለች፤ ሌላዋ ያለዕድሜዋ የተዳረችበትን ትዳር ጥላ ትመጣለች፤ ሦስተኛዋ በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ድልድል በኋላ ተወልዳ የምታርሰው ቁራሽ ስለሌላት ትመጣለች። የሚቀበላቸው ዘመድ ወይም ደላላ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት፣ ጠላና አረቄ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም የግንባታ የቀን ሥራ ይጠብቃቸዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ከዐረብ አገር የሚመለሱ አሉ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ወደ ውጭ ለሥራ የምትሄድ ሴት ከመነሣቷ በፊት የሕክምና ምርመራ እንድታደርግ ትገደዳለች፤ ስትመለስ ግን አእምሮዋ ተረብሾ ወይም አካሏ ተጎድቶ ቢሆን እንኳ የሚመረምራት የተደራጀ አሠራር በወረዳዋ አይጠብቃትም። የመነሻው ምርመራ ለተቀባዩ አገር ደኅንነት ሲባል የተደረገ እንጂ ለእርሷ ሲባል የተደረገ አልነበረም። እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው በቻግኒ አቅራቢያ በራንች መጠለያ የቆዩትን ወገኖች ማስታወስ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ላቅርብ። ከሌላ አገር ተሰዳ የመጣች ሴት በስደተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት በአገር ውስጥ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ተደንግጎላታል፤ ትመዘገባለች፤ የሚቆጥራትም አካል አላት። አገልግሎቱ በተግባር ስንት ጉድለት እንዳለበት ቢታወቅም፣ ቢያንስ ስሟ የሚገኝበት ዝርዝር አለ። ከጮቄ ሥር ተነሥታ ደብረ ማርቆስ የገባችው ልጅ ግን በገዛ አገሯ፣ በገዛ ዞኗ ውስጥ ሆና ስሟ በየትኛው ዝርዝር እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። የትውልድ ቀበሌዋ ሄዳለች ይላል፤ የምትኖርበት ቀበሌ አልመጣችም ይላል።

የፕሮግራሙ በጎ ጎን

ሂስ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎችን በመመደብ፣ በአጠቃላይ ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ አሰማርቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ 166 የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ወርዷል። በዚያው ዘመን ውስጥ በትዳር ላይ ካሉ ሴቶች ዘመናዊም ሆነ ባህላዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ወደ 36 ደርሰዋል። ይህ ሁሉ የፕሮግራሙ ውጤት ብቻ ነው ባይባልም ድርሻው ታላቅ ነው። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ መሰጠታቸውም ሊመሰገን የሚገባው ነው። የእኔም ታካሚ ለነቀርሳ መድኃኒቷ አንድ ሳንቲም አልከፈለችም። እንቅፋት የሆነባት ዋጋው ሳይሆን ወደ መድኃኒቱ የሚያደርሰው መንገድ ነበር።

የማኅደሩ ጉድለት

የመጀመሪያው ጉድለት የቤተሰብ ትርጉም ነው። ቅጹ ሠራተኛዋን አትጻፉ የሚል ትእዛዝ የለውም። ይሁን እንጂ የሚነሣው ከአባወራ ወይም ከእማወራ ነው፤ ከዚያም የትዳር ጓደኛና ልጆች ይከተላሉ። መልስ ሰጪዋም ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። «ቤተሰብሽ ስንት ነው?» የተባለች እመቤት ሠራተኛዋን ከቁጥር ባታስገባ ክፋት ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄው እንደዚያ ስለሚመልስ ነው። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመንም ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው እመቤቲቱ ነበረች፤ ሠራተኛዋ በዚያ ሰዓት ልጅ ትይዛለች።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በአልማ አታ የወጣው መግለጫ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ሰዎች ለሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን ለሚሠሩበት ስፍራም ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። የእኛ ማኅደር ከሁለቱ የወሰደው የመጀመሪያውን ነው። ለቤት ሠራተኛ ግን መኖሪያና መሥሪያ አንድ ጣራ ስለሆነ፣ በመኖሪያው በኩል ቤተሰብ አይደለችም፣ በመሥሪያው በኩል ሠራተኛ አትባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው በቤቱ የሚኖረውን ሠራተኛ ጤንነት ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ነገር ግን ይህን ድንጋጌ የሚያውቅ አሠሪም ሆነ ሐኪም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የነዋሪነት መታወቂያ ነው። የከተማ መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ያለዕድሜ ጋብቻን ሸሽታ የመጣች ልጅ መሸኛ ልትጠይቅ ተመልሳ ብትሄድ የሸሸችው ነገር ይጠብቃታል። መታወቂያ ከሌላት ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መታቀፍ ይቸግራታል። ይህ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አማራ ክልል አንዱ ነበር፤ መሠረቱም ቤተሰብ ነው። የእመቤቲቱ የመድኅን ደብተር ሠራተኛዋን አይሸፍንም፤ ገጠር ያለው የአባቷ ደብተርም ቢሆን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ይለቃታል። ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች ውጭ ያለ ሕመም፣ የጨጓራም ሆነ የኩላሊት፣ ከወር ደመወዟ የሚከፈል ይሆናል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ የሚወጣው በማለዳ፣ እርሷ ልጆችን ለትምህርት ቤት በምታሰናዳበት ሰዓት ነው። ለእርሷ ክፍት የሆነው የእሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በዚያን ሰዓት የሚሠራው የድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው።

አራተኛው ስለ ትዳር ያለን ግምት ነው። ለቤተሰብ ምጣኔ ሽፋን በብዛት የምንጠቅሰው አኃዝ በትዳር ላይ ያሉ ሴቶችን የሚመለከት ነው። ያላገባች ሠራተኛ በአሠሪዋ ወይም በአሠሪዋ ልጅ ተደፍራ ስታረግዝ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በመደፈር ምክንያት የተከሰተን እርግዝና በሕክምና ማቋረጥ እንደሚፈቀድ፣ ለዚህም የሴቲቱ ቃል በቂ እንደሆነ መደንገጉን ሳታውቅ፣ ሕይወቷን በሚያጠፋ መንገድ ለማስወረድ የምትሞክር አለች።

ምን ይረዳል?

ጉድለትን ዘርዝሮ ማቆም ቀላል ነው። የሚረዳው ነገር ግን ከእጃችን የራቀ አይደለም፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ከራሳችን አሠራር ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

በመጀመሪያ ጥያቄው ይለወጥ። የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ወደ አንድ ቤት ሲገባ ትናንት ማታ በዚያ ቤት ያደሩትን ሁሉ ይመዘግባል፤ ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 የሆነች ሴት ሁሉ፣ ሠራተኛም ብትሆን፣ ትጠየቃለች። እንግዲህ ጥናቱ የሚያያትን ሴት አገልግሎቱ አያያትም ማለት ነው። በማኅደሩ መጀመሪያ ላይ «በዚህ ቤት የሚያድር ማን ማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ወጪው አንድ መስመር ነው። ማኅደሩ ከወረቀት ወደ ታብሌት በሚሸጋገርበት በዚህ ዘመን ይህን አለማድረግ የቀድሞውን ክፍተት በአዲስ መሣሪያ መገልበጥ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለብቻዋ የምትጠየቅበት አምስት ደቂቃ ያስፈልጋል። እመቤቲቱ ባለችበት ሠራተኛዋ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ሳሏ ወይም ስለ ደረሰባት ጥቃት አትናገርም። ባለሙያዋ ክብደት ለመለካት ወይም የክትባት ካርድ ለመስጠት ብላ ገለል ልታደርጋት ትችላለች፤ ይህም በሥልጠና ውስጥ ሊካተት ይገባል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ እርሷ ወዳለችበት ይሂድ። በከተሞቻችን የማታ ትምህርት ከሚማሩት መካከል የቤት ሠራተኞች ብዙ ናቸው። በሳምንት አንድ ምሽት አንዲት ነርስ በማታ ትምህርት ቤት ብትቀመጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የጤና ጣቢያ ክፍል ለሁለት ሰዓት ቢከፈት፣ በመናኸሪያው አዲስ ለሚመጡ ልጃገረዶች የጤና ጣቢያውን መንገድ የሚያሳይ ሰው ቢኖር፣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

አራተኛ፣ አገናኝ ሴት ያስፈልጋታል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በተለይ በመርካቶ አካባቢ የተጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የብሩህ ተስፋ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሠልጣኞቹ የሠፈሩ ሴቶች ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እየለመኑና እያሳመኑ፣ ከትምህርት ውጭ ያሉ ፍልሰተኛ ልጃገረዶችን በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ሰብስበው ማንበብን፣ ገንዘብ መያዝንና ስለ ሰውነታቸው ማወቅን አስተማሩ፤ ለጤና አገልግሎትም ማዘዣ ሰጡ። ከሁሉ በላይ ልጃገረዷ በችግሯ ጊዜ የምትሄድበት ሰው አገኘች። በጎጃም ዕድርና የጽዋ ማኅበር ያላቸው ሴቶች ይህን ለማድረግ አዲስ ድርጅት አያስፈልጋቸውም።

አምስተኛ፣ መድኅኑና መታወቂያው ይላቀቁ። ታይላንድ ከጎረቤት አገሮች ለመጡ ሠራተኞች የራሳቸውን የመድኅን ካርድ አዘጋጅታለች፤ በቋንቋቸው የሚያነጋግሯቸውን በጎ ፈቃደኞችም ከመካከላቸው መልምላለች። በአንጻሩ ቻይና የገጠር ነዋሪን መድኅን ከትውልድ አውራጃው ጋር አስራ በቆየችበት ዘመን ወደ ከተማ የፈለሰው ሠራተኛ በከተማው ሲታመም ከፍተኛ ችግር ላይ ይወድቅ ነበር። የእኛ ወረዳዎች የአሠሪው መዋጮ ሠራተኛዋን እንዲያጠቃልል፣ ወይም መክፈል የማትችለው ከነፃ ታካሚዎች ዝርዝር እንድትገባ ሊፈቅዱ ይችላሉ። በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ሰውን በቀበሌው ሳይሆን በማንነቱ የሚለይ ስለሆነ ለዚህ በር ይከፍታል። እስከዚያው ድረስ ግን ነፃ ለሆነ አገልግሎት መታወቂያ የሚጠይቅ የካርድ ክፍል ሊኖር አይገባም።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ባለሙያዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚል ነው፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ያቀረብኋቸው ሐሳቦች አዲስ ጉብኝት የሚጠይቁ ሳይሆኑ በነበረው ጉብኝት ውስጥ አንድ ሰው የሚጨምሩ ናቸው። ሁለተኛው፣ በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ነው የሚል ነው። ባለሙያዋ ግን የቤቱን መጸዳጃ ጉድጓድ ከፍታ ታያለች፤ ከጉድጓዱ ይልቅ ሠራተኛዋ የግል ጉዳይ የምትሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ነው። መንገድ ሲዘጋና መድኃኒት ሲቋረጥ ስለ ቅጽ መነጋገር ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም በግጭት ጊዜ ከቤተሰቧ ተነጥላ ከተማ ውስጥ የቀረችው ልጅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብቸኛ ናት፤ የጀመረችውን መድኃኒት ስታቋርጥም ፈልጎ የሚያገኛት ስሟ ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ታካሚዬን በተመለከተ፣ እመቤቲቱ መጀመሪያ ወደ አገሯ ሊልኳት አስበው ነበር። የሦስት ዓመት ልጃቸው ከእርሷ ጋር በአንድ ክፍል ያድር እንደነበር ስንነግራቸው ግን ደነገጡ። ሕፃኑ ተመርምሮ የመከላከያ መድኃኒት ተጀመረለት። እርሷም እዚያው ሆና ስድስት ወር ሕክምናዋን ጨረሰች፤ መድኃኒቷን በየማለዳው የምታስታውሳትና የምትከታተላት እመቤቲቱ ሆኑ። ማኅደሩ ቤተሰብ አይደለችም ያላትን ልጅ ባሲሉ ቤተሰብ አድርጎ ቆጥሯታል፤ የቤቱ ሰዎች ደኅና የነበሩትም በመዝገብ ላይ ብቻ ነበር።

ስለሆነም ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። በየተቋማችን የምንሞላውን ቅጽ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብበን፣ በእርሱ ውስጥ ያልተጻፈችው ማን እንደሆነች እንጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ፣ በር ከፍታ የምትቀበለንን ልጅ ስለ ጤንነቷ ጠይቀን መልሷን ቁጭ ብለን እንስማ።